ሳይቆራረጥ መንዳት

እሑድ፣ ጃንዋሪ 5

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የልብ ክሊኒኩ ነርስ ናት። «ማዞር፣ ድካም፣ የልብ ትርታ ለውጥ ካለ በየቀኑ ጻፍ» ብላኛለች። እሺ። ማዞር የለም። ድካም የለም። ልቤ ደረቴ ውስጥ በተቀበረችው ትንሽ ማሽን እየተጠበቀ ይመታል። ስለ ጤናዬ ይኸው ነው። ቀሪው ወረቀት ባዶ ከሚሆን ሌላ ሌላውን ልጻፍበት።

ዛሬ የመጀመሪያ ውድድሬን ጨረስኩ። አሥራ ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አሥራ ሁለተኛ ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ኤደን ከምትማርበት ከዋተርሉ ለእረፍት መጥታ ስትመለስ አሮጌ ላፕቶፗን ትታልኝ ሄደች። «ፊልም እይበት አባዬ» ነው ያለችኝ። የልብ ጓደኛዬ ኸይረዲን ደግሞ፣ ታክሲ ነጂው፣ የጌም መሪና ፔዳል በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። «አንድ ሰው አዲስ ገዝቶ ይሄን ተወው» አለኝ። የእኛ አገር ልጆች አንዳንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኦንላይን የሚሽቀዳደሙበት ሊግ አላቸው። አብዛኞቹ ወይ ትራክ ወይ ታክሲ ወይ አውቶቡስ ነጂዎች ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ለእንጀራ ነድተው፣ እሑድ ደግሞ ለመዝናናት ይነዳሉ።

እኔ ከኦክቶበር ጀምሮ አልነዳሁም። ቶሮንቶና ዊንዘርን በትራክ ስመላለስ ኖሬ፣ አንድ ቀን ጠዋት የትራክ ማቆሚያው ያርድ ውስጥ መሪው ላይ ተደፋሁ። ትራኩ ቆሞ ሳለ ነው። ቆሞ ሳለ! ማንም አልተጎዳም። ሐኪሙ ማሳወቅ ግዴታው ስለሆነ አሳወቀ፣ የመንጃ ላይሰንሴም ታገደ። ትራኬን አሁን ዋለልኝ የሚባል ልጅ ይነዳዋል። ሊጉ ውስጥም አለ። ዛሬ አንደኛ የወጣውም እሱ ነው።

ላፕቶፑ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ይደርቃል። ሥዕሉ ነፍስ ሲዘራ እኔ ግድግዳ ውስጥ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 7

ገና። ጸዮን ሥራ ናት። ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ የሚያዘጋጅ ኩሽና ውስጥ ነው የምትሠራው፤ አውሮፕላን የእኛን ገና አያውቅም። ስትደውል ዋለች። «ወጡን አሞቅከው?» «ፖስታ መጣ?» «ምንም አይደለም፣ እንዲሁ ነው የደወልኩት።»

ሚስቴ ሰላይ ሆናለች። ጌም ላይ እንደሆንኩ ለማጣራት ነው።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 13

ትናንት ልምምድ ነበር። ዋለልኝ ማይኩን የዘጋው መስሎት ለኸይረዲን ሲያወራ ሰማሁት። «ጋሼ በርናባስ እንደ ምንም ይጨርስ ብቻ። መጨረሱ ራሱ ይበቃል።»

ይበቃል! ይህን ልጅ ተሳቢ እንዴት እንደሚቀጠል ያሳየሁት እኔ ነኝ። ያልሰማ መስዬ ልምምዴን ቀጠልኩ። ጆሮዬ እስኪግል ግን ተናድጃለሁ። ነርሷ ይህንንም ጻፍ ትል ይሆን?

እሑድ፣ ጃንዋሪ 19

ጥምቀት። ቤተ ክርስቲያን አንድ የድሮ ወዳጄ «ሥራ እንዴት ነው?» አለኝ። «ደህና ነው፣ መንገዱ በረዶ ሆኖ አስቸገረን እንጂ» አልኩት። ጸዮን አጠገቤ ቆማለች። በአውቶቡስ እስከ ቤት ድረስ በመስኮቱ በረዶውን ስታይ ሄደች።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 24

ድል! ትንሽ ድል ናት፣ ግን ድል ናት።

ለኤደን ደወልኩላት። «አባዬ፣ ፍሬም ሬቱ ስንት ይላል?»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

በሰከንድ ስንት ሥዕል እንደሚያሳይ የሚነግር ቁጥር ነው አለች። ከፍ ሲል እንቅስቃሴው ይለሰልሳል፤ ሲወርድ ይቆራረጣል። ጥጉ ላይ እንዲታይ አደረገችልኝና «ሃያ ሁለት» ብዬ አነበብኩላት።

«ኦ ማይ ጋድ፣ አባዬ! ያ እኮ ስላይድ ሾው ነው!»

ለካ ላፕቶፑ ሁለት ግራፊክስ ካርድ አለው፤ አንዱ ባትሪ የሚቆጥብ ደካማ፣ ሌላው ለጌም የሚሆን ብርቱ። ጌሙ ይህን ሁሉ ጊዜ በደካማው ሲያዘግም ኖሯል። ብርቱው እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። እሷ እየመራችኝ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ቀየርኩት። ከዚያ ጥላውን ቀነስን፣ ሣሩን ቀነስን፣ የጎን መስታወቱን ጥራት አወረድን።

«ተመልካቾቹንም አጥፋቸው» አለች።

«ታዲያ ማን ያጨብጭብልኝ?»

«እኔ አጨበጭባለሁ።»

ቁጥሩ ሃምሳን አለፈ። መኪናው እንደ ቅቤ ለሰለሰልኝ። ብቻዬን ሳሎን ውስጥ ጮህኩ። ጸዮን ከመኝታ ቤት በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «ምን ሆንክ?» «ሃምሳ ገባ!» አልኳት። ትኩር ብላ አየችኝና ተመልሳ ገባች። ደስታ አታውቅም ይቺ ሴት።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 26

ዘጠነኛ። መጀመሪያ ስድስተኛ ነበርኩ። ጥቂት ዙር እንደሄድኩ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ፤ አርባ፣ ሠላሳ፣ ከዚያ በታች። ላፕቶፑን ብነካው ካውያ ነው። እየጋለ ሲመጣ ራሱን ለማዳን ይዘገያል አሉኝ። እኔ ደግሞ ከኋላዬ ያለው ሁሉ እያለፈኝ ሲሄድ ቁጭ ብዬ አያለሁ። እንደዚህ መሆኑን እጠላለሁ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 1

ኸይረዲን ካቻቢቴ ይዞ መጣ። ላፕቶፑን ገልብጠን ብሎኖቹን ፈታን። ማራገቢያው ላይ የተጋገረው አቧራ ፍራሽ ይሞላል። በቀለም ብሩሽ ጠረግነው፤ ደርቆ የተሰነጣጠቀውን ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባትም ጠርገን አዲስ ቀባን። መልሰን ገጥመን ስናበራው አልበራም። ዝም። ጥቁር።

«አንድ ብሎን ተርፎናል» አለ ኸይረዲን፣ መዳፉ ላይ ይዞ።

«ብሎኑ አይደለም የሚያበራው!»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ያንተ ልብም በማሽን ነው የሚበራው።»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ ሳቁ አለቀና ተያየን። እንደገና ስንከፍተው አንዲት ቀጭን ገመድ ከቦታዋ ወጥታ አገኘናት። መለስናት። በራ። ኸይረዲን አቀፈኝ፤ ሲያቅፈኝ ግራ ደረቴን እንዳይነካ ጎንበስ አለ። ምን ያስፈራዋል? ድኗል እኮ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8

አሁንም ይግላል፤ ግን ዘግይቶ። የበረንዳውን በር ከፍቼ ጠረጴዛውን ወደዚያ አስጠጋሁት። ውጪው በረዶ ነው፤ ቁጥሩ አልወረደም! ጸዮን ከሥራ ስትገባ፣

«ቤቱን ፍሪጅ አደረግከው?»

«ለትንሽ ነው።»

«በዚህ ብርድ! ሐኪሙ ምን ነበር ያለህ?»

«ስለ ብርድ ምንም አላለም።»

በሩን በኃይል ዘጋችው። በስልክ ለእህቷ እንዲህ ስትል ሰማኋት፤ «ቁጭ ብሎ ይጫወታል። ምን ልበለው? ቢያንስ ቁጭ ብሎ ነው።» እንደ ሕፃን ነው የምታየኝ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 16

አራተኛ!!! አውሎ ነፋስ ነው ውጪው፣ በረዶው በረንዳውን ሞልቶታል። እኔ ግን አራተኛ። ዋለልኝ መሐል ላይ ጥሎ ወጣ፤ ኢንተርኔቱ ተቋርጦበት ይሆናል። የተባረከ በረዶ። ጸዮን ስትመጣ እነግራታለሁ። ዘገየች።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

ትናንት አውቶቡስ ቆሞ ነበር። ጸዮን ከሥራ ወጥታ ደወለችልኝ። ደጋግማ ደወለች። ስልኩ መኝታ ቤት ነበር፤ እኔ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ኩርባ እየቆጠርኩ ነበር። ስላላነሳሁ ለኸይረዲን ደወለች፤ እሱ ሚሲሳጋ በረዶ ውስጥ ተቀርቅሯል። ከዚያ ለዋለልኝ ደወለች።

ዋለልኝ ውድድሩን እየመራ ነበር። መሪውን ጥሎ፣ መኪናውን ከበረዶ ቆፍሮ አውጥቶ፣ ሄዶ አመጣት። ልቀድመው የማልችለውን ሰው የቀደምኩት በዚህ ምክንያት ነው።

በሩን ሲከፍቱ እኔ ፈገግ ብዬ «አራተኛ!» አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት።

ጸዮን ኮቷን ሳታወልቅ መጣችና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። ከበረዶ የገቡ እጆች ናቸው። ግንባሬን፣ አንገቴን ዳሰሰች። ከዚያ ደረቴን በቡጢ መታችኝ፤ በቀኝ በኩል ነው፣ ጤነኛው በኩል። «ስልክ ሳታነሳ ስትቀር ምን እንዳሰብኩ ታውቃለህ? ታውቃለህ ወይ?» ትንቀጠቀጥ ነበር። ብርዱ ይመስለኛል።

ዋለልኝ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጫማውን እያየ «እኔ ልሂድ ጋሼ» አለ። አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። «መንገዱ እንዴት ነው?» አልኩት። መንገዱ እንዴት ነው!

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 23

ቅበላ። ነገ ጾም ይገባል። ውድድር ነበር፤ አልገባሁም። ጸዮን ሳህን እያጠበች «ዛሬ አይደል እንዴ?» አለች።

«ትቼዋለሁ።»

«ማን ተው አለህ?»

እጇን አደራርቃ ስልኬን ከመኝታ ቤት አመጣችና ላፕቶፑ አጠገብ አስቀመጠችው። «እዚህ ትሁን። ስደውል አንሳ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ኦክቶበር፣ ኖቬምበር፣ ዲሴምበር ግድግዳ ስታይ ነው የከረምከው። አሁን ቢያንስ ትጮሃለህ።»

ከዚያ ሳህኑን ቀጠለች። ሦስቱን ወር ግድግዳ ሳይ መክረሜን አላስታውስም። ያረፍኩ ነበር የመሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ዋለልኝ መጣ። ዊንዘር ስላለው መጋዘን ሊጠይቀኝ ነው፤ ጠባቡ በር አስቸግሮታል፤ ባለፈው ተሳቢውን ወደ ኋላ ሲያስገባ ግድግዳ ሊልስ ነበር። በጣቴ ጠረጴዛው ላይ እየሣልኩ አሳየሁት። ምሰሶውን በግራ መስታወት ካየህ በኋላ ነው መሪ የምትሰብረው፣ ከዚያ በፊት አይደለም። ልጁ በጥሞና ሰማኝ። እየተናገርኩ እጄ አየር ላይ መሪ ይዞ ነበር።

ስለ በረዶው ቀንም አመሰገንኩት። ለመናገር ሻዩ እስኪያልቅ ፈጀብኝ። «ኧረ ጋሼ» ብሎ አፈረ።

ሲነሳ ላፕቶፑን አየ። «ይሄ ቻርጀር የማን ነው?»

«የኤደን። የራሱ ጠፍቶባት ይሄን ነው የምትጠቀመው።»

አንስቶ ጀርባውን አነበበ። «ጋሼ፣ ይሄ ትንሽ ነው። ለጽሑፍ ሥራ ይበቃል። ጌም ሲጫንበት ግን ላፕቶፑ የሚፈልገውን ኃይል አያገኝም፤ ይራባል። ሲራብ ራሱን ይቀንሳል።»

አቧራ ስጠርግ፣ በረዶ ሳስገባ፣ ሚስቴን ሳስቀይም የከረምኩት! እቤቱ የተረፈ ትክክለኛ ቻርጀር እንዳለው ነገረኝ፤ የኢንተርኔት ገመድም አመጣልሃለሁ አለ። «ዋይፋዩን ተወው፣ በዚህ ሕንፃ ሁሉም ሰው ነው የሚሻማው። ፍሬሙንም ስልሳ ላይ ቆልፈው። ዘጠና ደርሶ ወደ አርባ ከሚወርድ ስልሳ ላይ ቢጸና ይሻላል፤ እጅህ የሚለምደው የጸናውን ነው።»

ሲሄድ አሰብኩ፤ ለምን ነገረኝ? ብቀድመውስ?

እሑድ፣ ማርች 16

ሦስተኛ። በሐቅ የመጣ ሦስተኛ፣ የማንም በረዶ ያላገዘው። ስልሳ ላይ ተቆልፎ ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው ንቅንቅ አላለም። ገመዱ ሳሎኑን አቋርጦ ያልፋል፤ ጸዮን ሁለቴ ተደናቀፈችና በፕላስተር ወለሉ ላይ ለጠፈችው። ራሷ ናት የለጠፈችው!

ረቡዕ፣ ማርች 19

ክሊኒክ። ማሽኗ ደህና ናት። ሐኪሙ «በእኔ በኩል መንዳት ትችላለህ፤ ወረቀቱን ልኬያለሁ፤ ደውልና ላይሰንስህን ጠይቅ» አለኝ። ደስ ይላል። ነገ እደውላለሁ።

ሰኞ፣ ማርች 24

አልደወልኩም። መስመሩ መቼም ይጨናነቃል። ውድድሩ ይለፍ።

እሑድ፣ ማርች 30

ሁለተኛ! ዋለልኝ በአፍንጫ ቀደመኝ። ኸይረዲን ዒድ ስለሆነ አልገባም፤ ማታ ግን ጣፋጭ ይዞልን መጥቶ ዙሩን ከጸዮን ጋር በቪዲዮ ሲያዩት አመሹ። «ጸዮን፣ ባልሽን እይው፣ ከበቡት እኮ! አየሽ እንዴት እንደወጣ?» እሷም «ቆይ፣ መልሰው» አለች። መልሰው አለች!

ኸይረዲን በመኪናው ወደ ሱቅ ወስዶኝ ነበር። 401 አውራ ጎዳና ላይ ሲገባ የበሩን መያዣ ይዤ እጄ ላብ በላብ ሆነ። ኸይረዲን አነዳዱ ተበላሽቷል። ዕድሜ ነው።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2

ክሊኒኩ ለቀጠሮ ቤት ደውሎ ጸዮን አነሳች። ሁሉን አወቀች። እራት ላይ ሹሮውን እያወጣች፣

«ሐኪሙ ከፈቀደ ስንት ጊዜው ነው?»

«ቅርብ ነው።»

«አልደወልክም።»

«ጌሙ ይለቅና።»

«በርናባስ።» ስሜን እንዲህ ስትጠራ አልወድም። «ንዳ አላልኩህም። ደውል ነው የምልህ። መንዳቱን ስትደርስበት እንነጋገርበታለን።»

ብዙ ሥራ ስላለብኝ ነው አልኳት። ምን ሥራ እንዳለብኝ አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር። እንዲህ ብዬ ልጻፈው እንግዲህ፤ ማንም አያየውም። ያን ዕለት ትራኩ ቆሞ ነበር እላለሁ። ቆሞ ነበር። ግን ከዚያ በፊት 401 ላይ ነበርኩ፣ ከፊቴም የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነበር። ያርዱ የደረስኩት ከዚያ በኋላ ብዙም ሳልቆይ ነው።

እሑድ፣ ኤፕሪል 20

ፋሲካ። ዋለልኝ ብቻውን ስለሆነ ጸዮን ጠርታው እኛ ጋ ፈሰከ፤ ኸይረዲንም መጥቷል። ዶሮውን እያጣጣመ «ያቺ መሪ አሁንም ወደ ግራ ስትዞር ትንቋቋለች?» አለኝና ወዲያው አፉን ያዘ። ኸይረዲንን ሻይ ትን አለው። አንዱ ሰው አዲስ ገዝቶ የተወው መሪ!

«ትንቋቋለች» አልኩት። «ሳምንት በእሷ ነው የማሸንፍህ።»

«እናያለን ጋሼ!»

እሑድ፣ ኤፕሪል 27

ዛሬስ ሳልጽፍ አልተኛም።

የመጨረሻው ውድድር ለብቻው ዋንጫ አለው፤ ረጅም ነው፣ ተራራ ላይ ነው፣ ዝናብም ተደርጎበታል። ጸዮን የዕረፍት ቀኗ ነው። ሊጀመር ሲል ላፕቶፑ «አፕዴት ላድርግ?» ብሎ ጥያቄ አመጣ፤ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ለነገ አሳደርኩት። ኸይረዲን በጆሮዬ «ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ዝጋ!» ይላል። ጸዮን የምታየውን ስብከት ከስልኳ አጠፋች፤ ኢንተርኔቱን እንዳይሻማኝ ነው። ከዚያ ማንም ሳይነግራት የበረንዳውን በር ከፈተችና ጋቢ ለብሳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

ከአምስተኛ ተነሣሁ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሁለቱ ተጋጭተው ወጡ፤ በመሐላቸው ሾልኬ አለፍኩ። ሦስተኛ። ቁጥሩን አየሁ፤ ስልሳ። ዙር በዙር ስልሳ። ከዚያ ቁጥሩን ማየት ተውኩ። መንገዱን ብቻ ማየት ጀመርኩ። ይህ ከኦክቶበር ወዲህ ሆኖልኝ አያውቅም፤ ሌላ ነገር ሳልጠብቅ መንገድ ማየት።

መሐል ላይ ስልኬ ጮኸች። ጸዮን አነሳችው። ኤደን ናት፤ ስልኩን ወደ ስክሪኑ አዞረችላት። «አባዬ! ሁለተኛ ነህ! ሁለተኛ ነህ እኮ!» ጭብጨባዋ ከዋተርሉ ይሰማኛል።

ከፊቴ የቀረው ዋለልኝ ብቻ ነው። ጎበዝ ነው ልጁ፤ ግን ባዶ መኪና እንደሚነዳ ሰው ፍሬን የሚይዘው ዘግይቶ ነው። በዝናብ አይሆንም። እኔ ከባድ ጭነት ጭኜ በዝናብ ብዙ ዘመን ነድቻለሁ፤ ቀደም ብለህ፣ በስሱ ነው የምትይዘው። ሁለት ዙር ሙሉ ጭራውን ተከትዬ ጠበቅኩት። የመጨረሻው ዙር ላይ፣ ቁልቁለቱ ጋ፣ ፍሬኑን አዘገየ። ጎማው ተንሸራቶ ወደ ውጭ ሰፋ። ወደ ውስጥ ገባሁ። ጎን ለጎን ሆንን። ሊዘጋኝ ይችል ነበር፤ አልዘጋኝም፤ ቦታዬን ተወልኝ። ነዳጁን ረገጥኩት።

አንደኛ።

ማመን አቃተኝ። ከሁሉ በፊት የጮኸው ዋለልኝ ነው፤ «ጨረስከን ጋሼ! ጨረስከን እኮ!» ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ። ከዚያ ጸዮን ማዳመጫውን ከራሴ ላይ መንጭቃ ማይኩ ላይ እልል አለች። ሠርጋችን ላይ እንኳ እንዲህ አላለችም። ኸይረዲን «ጆሮዬ! ጆሮዬ!» እያለ ይስቃል።

በር ተንኳኳ። ጎረቤታችን ሚስ ፐርል ናቸው፤ የጃማይካዋ አሮጊት፣ በቤት ልብሳቸው። እልልታችንን እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ከነበረ ክርስትና ያውቁታል። «ሕፃን ተወለደ?» አሉ በፈገግታ። «ወንድ ነው ሴት?»

ጸዮን ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ጋቢዋ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ነው። «ወንድ ነው» አለቻቸው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 29

ደወልኩ። መስመሩ አልተጨናነቀም።

ዓርብ፣ ሜይ 9

ላይሰንሴ ተመለሰ። ለጊዜው የራሴን መኪና ነው የምነዳው፤ ስለ ትራኩ ከዋለልኝና ከአለቃው ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፤ ለሁለታችንም ሥራ አለ ብለዋል።

መኪናችን ምድር ቤት ቆማ ባትሪዋ ሞቷል፤ ኸይረዲን አስነሳልኝ። ዛሬ ጠዋት ጸዮንን «ወደ ሥራ አደርስሻለሁ» አልኳት። ሹራቧን እየለበሰች ነበር። «እሺ» አለች።

ከጋራዡ ስወጣ እጄ ላቡ መጣ። ኪፕሊንግ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ያዘኝ። ከፊቴ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ቆሟል፤ አንድ ልጅ በኋላ መስኮቱ ምላሱን አወጣልኝ። እኔም አወጣሁለት። አረንጓዴ በራ፤ ሄድኩ።

ለጸዮን ልጁን ላሳያት ዞር ስል፣ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ፣ እንቅልፍ ወስዷታል። ዲክሰን መንገድ እንኳ አልደረስንም። ለወራት አጠገቤ ትተኛለች ብዬ ማሰቤ ስህተት ነበር፤ ዓይኗን ጨፍና ትንፋሼን ስታዳምጥ ነበር። እንዲህ ድክም ብሎ የተኛ ሰው አያዳምጥም።

ሰዓት ስለነበረን መታጠፊያውን አለፍኩትና ረጅሙን መንገድ ይዤ ዞርኩ።